ኦርኪድና የአንድ ቀን አበባ በደሴና በኮምቦልቻ፤ የቤት ውበትን ከዱር ሀብት ጥበቃ ጋር ማጣጣም

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ የመንገድ ዳርቻዎችን፣ የመሥሪያ ቤት ቅጥር ግቢዎችንና የመኖሪያ አካባቢዎችን በአበባ ማስዋብ የከተማ አስተዳደሮች የዘወትር ሥራ እየሆነ መጥቷል። በወሎ ምድር ደግሞ ግቢን በተክል ማስዋብ እንግዳ ነገር አይደለም። ጽጌረዳው፣ ጤና አዳሙ፣ አሪቲውና በሶብላው ከብዙ ቤቶች ደጃፍ አይጠፉም። ከእነዚህ ነባር የግቢ ዕፅዋት ጎን ለጎን በቤት ውስጥና በደጅ ሊለሙ ከሚችሉት ጌጠኛ ዕፅዋት መካከል ኦርኪድና በእንግሊዝኛው መጠሪያ ደይሊሊ የሚባለው የአንድ ቀን አበባ ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ በዚህ ረገድ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ ለአካባቢው የአየር ንብረት የማይስማማ ዝርያ በውድ ዋጋ ተገዝቶ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዳይደርቅ ነው። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ደግሞ፣ የቤት ውበት ፍላጎት በደን ውስጥ ያሉትን የአገሪቱን ኦርኪዶች ከዛፍ ላይ እየላጡና ከመሬት እየነቀሉ ወደ መውሰድ እንዳያመራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ተክሎች ምንነት፣ በደሴና በኮምቦልቻ የአየር ንብረት የሚለሙበትን መንገድና ሊደረግ የሚገባውን ጥበቃ ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

የሁለቱ ተክሎች ምንነት

ኦርኪድ የአንድ ተክል ስም ሳይሆን በዓለም ላይ 28 ሺህ ገደማ ዝርያዎችን የያዘ ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ከአበባ ሰጪ ዕፅዋት መካከል በዝርያ ብዛት ከኦርኪድ ጋር የሚፎካከረው የአደይ አበባ፣ የሱፍና የኑግ ቤተሰብ ብቻ ነው። ለኬክና ለአይስክሬም መዓዛ የሚሰጠው ቫኒላ የሚገኘውም ከኦርኪድ ፍሬ ነው። ትውልዱ ሜክሲኮ የሆነው ቫኒላ ወደ ሌሎች አገሮች ከተወሰደ በኋላ ለረጅም ጊዜ አበባ እንጂ ፍሬ አልሰጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩኒየን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረው የ12 ዓመቱ ኤድሞን አልቢዩስ አበባውን በእጅ የማዳቀል ቀላል ዘዴ ካሳየ በኋላ ነው ምርቱ በዓለም የተስፋፋው። በአገራችንም የቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል በዚህ ተክል ላይ ይሠራል።

ኦርኪዶች በአኗኗራቸው በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ በዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት ናቸው። እነዚህ የዛፉን ምግብ አይመጡም፤ ጥገኛም አይደሉም። ሥራቸው እንደ ስፖንጅ ውሃ በሚመጥ ነጭ ሽፋን የተሸፈነ በመሆኑ የዝናብን፣ የጉምንና የአየርን እርጥበት ይጠቀማሉ። ሁለተኛዎቹ በመሬት ላይ የሚበቅሉት ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በበጋ ወራት ከአፈር ሥር ባለው ድንች መሰል ሥራቸው ተደብቀው ቆይተው ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣሉ።

ደይሊሊ በበኩሉ የምሥራቅ እስያ፣ በተለይም የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ተወላጅ ነው። የሳይንስ መጠሪያው ሄሜሮካሊስ ሲሆን፣ ቀንና ውበት የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው አንዱ አበባ ጠዋት ፈክቶ ማታ ይጠወልጋል። ሆኖም በአንድ ዘንግ ላይ በርካታ እምቡጦች ስለሚኖሩና አንድ ተክል ብዙ ዘንጎች ስለሚያወጣ አበባው በየዕለቱ እየተተካ ለሳምንታት ይዘልቃል። በአዳቃዮች የተፈጠሩና በስም የተመዘገቡ ዓይነቶቹ ከ80 ሺህ በላይ ናቸው።

ደይሊሊ በስሙ ሊሊ ይባል እንጂ የእውነተኛው ሊሊ ዘመድ አይደለም። በአሁኑ የዕፅዋት አመዳደብ የሚገኘው ከእሬት ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በደጋው አገራችን በቀይና ብርቱካናማ ችቦ መሰል አበባው የሚታወቀው፣ እንደየአካባቢው አሸንዳ ወይም አበልቢላ የሚባለው ክኒፎፊያም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የተባለው ዝርያ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። በመሆኑም የደሴ ነዋሪ ደይሊሊን ሲተክል ከሩቅ ምሥራቅ የመጣን የእሬትና የአሸንዳ ዘመድ እያለማ ነው ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ኦርኪዶች

ኦርኪድ የውጭ አገር ተክል ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። እውነታው ግን የተለየ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የኪው ዕፅዋት ማዕከል የታተመው የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መለያ መጽሐፍ ከ160 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናትም ለዚህ ቤተሰብ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። የጥናቱ ማዕከል የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ነው።

ከእነዚህ መካከል ሳቲሪየም፣ ሃቤናሪያና ዲሳ የተባሉት ወገኖች በደጋና በወይና ደጋ ሣራማ ቦታዎች ክረምቱን ተከትለው ያብባሉ። ኤራንጊስና ፖሊስታኪያ የተባሉት ደግሞ በዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። የኤራንጊስ አበባ ነጭ ሲሆን፣ ማታ ማታ መዓዛውን እየለቀቀ የሌሊት የእሳት ራቶችን በመጥራት ይዳቀላል። በዛፍ ላይ የሚኖሩት ኦርኪዶች በብዛት የሚገኙት እርጥበት ባላቸው የደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው።

የዱር ኦርኪድ በቀላሉ የማይተካበት ምክንያት በተፈጥሮው ውስጥ ይገኛል። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ በመሆኑ ለፅንሱ የሚሆን ስንቅ የለውም። ለመብቀል በአካባቢው የሚኖር ተስማሚ ፈንገስ አግኝቶ ምግቡን ከእርሱ መውሰድ ይኖርበታል። በአንድ ፍሬ ውስጥ ከሺዎች እስከ ሚሊዮን የሚደርስ ዘር ቢኖርም ለአቅመ አበባ የሚበቃው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ እርሱም ለማበብ ዓመታት ይወስድበታል። ከደን ተነቅሎ ወደ ቤት የመጣ ተክል ከዛፉ፣ ከፈንገሱና ከጉሙ ስለሚለይ በአብዛኛው ይሞታል። በመሆኑም የሚጠፋው አንድ ተክል ብቻ ሳይሆን በቦታው ሊበቅል የነበረው ትውልድ ጭምር ነው።

አደጋው ከነቀላ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ የቡና ደኖች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የደን መቆራረጥና የቡና ልማት ሥራ መጠናከር በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶችን ስብጥር ይቀንሳል። አሮጌ ዛፎች ሲቆረጡና ጥላው ሲሳሳ በቅርንጫፉ ላይ የነበረው ሕይወት አብሮ ይሄዳል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እንደሚገኘው የየጎፍ ደን ያሉ ቅሪት ደኖችን፣ እንዲሁም የአብያተ ክርስቲያናትንና የመካነ መቃብር ዛፎችን ጠብቆ ማቆየት ትርጉም የሚኖረውም ለዚሁ ነው።

የሁለቱ ከተሞች የአየር ንብረት

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ተራርቀው የሚገኙ ቢሆንም ለአበባ አልሚ ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ በ1 ሺህ 850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። ይህ ልዩነት ለሰው የካፖርት ጉዳይ ቢሆንም ለኦርኪድ የማበብና ያለማበብ ጉዳይ ነው።

በገበያ በብዛት የሚቀርበው ኦርኪድ ፋሌኖፕሲስ ይባላል። ሰፋፊ ቅጠልና የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል አበባ ያለው ይህ ተክል የሞቃታማው እስያ ተወላጅ በመሆኑ ሌሊቱ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድበት ዕድገቱ ይገታል። ስለሆነም ለኮምቦልቻ የተሻለ ምርጫ ነው። በደሴ የሚያለማው ሰው ደግሞ በቤት ውስጥ ሊያኖረውና በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከመስኮት መስተዋት ሊያርቀው ይገባል።

ለደሴ ይበልጥ የሚስማማው ሲምቢዲየም የተባለው ነው። ከሂማላያ ግርጌ እስከ ምሥራቅ እስያ ከሚገኙ ተራራማ ቦታዎች የመጣው ይህ ኦርኪድ የአበባ ዘንግ ለማውጣት ከ10 እስከ 14 ዲግሪ የሚደርሱ ቀዝቃዛ ሌሊቶችን ይፈልጋል። ሞቃት በሆነ ቦታ ቅጠሉ ብቻ እየለመለመ ያለ አበባ ሊቀር ይችላል። የደሴ ብርድ፣ ለሌላው ተክል እንቅፋት የሆነውን ያህል፣ ለሲምቢዲየም ጥሪ ነው። ቁር በሚጠናባቸው ሌሊቶች ግን በረንዳ ላይ ያለውን ማሰሮ ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ኦርኪድን በቤት ውስጥ ማልማት

ብዙ ኦርኪዶች በቤት ውስጥ የሚሞቱት በውኃ እጥረት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። የዛፍ ላይ ተክል ሥር አየር ይፈልጋል። በተራ አፈር ሲተከል ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ የመትከያው ይዘት ውኃን የሚያሳልፍ መሆን ይኖርበታል። የፓይን ዛፍ ቅርፊት፣ ታጥቦ የተነፋ የከሰል ስባሪ፣ የሸክላ ገል እና ለግንባታ የሚውለው ቀይ አሽ ተቀላቅለው ተስማሚ ማደሪያ ይሆናሉ። መትከያው ከታችና ከጎን በርካታ ቀዳዳዎች ያሉት የሸክላ ማሰሮ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም በአካባቢው የሸክላ ባለሙያዎች በትዕዛዝ ሊሠራ የሚችል ነው። ለሲምቢዲየም ግን እርጥበትን ትንሽ የሚይዝ ደቃቅ ቅርፊት ማብዛት ይጠቅማል።

የውኃ ማጠጫ ጊዜን ሥሩ ራሱ ይናገራል። ሥሩ ብርማ ነጭ ሲሆን ጠምቶታል፤ አረንጓዴ ሲሆን ገና ጠጥቷል ማለት ነው። በኮምቦልቻ በጋ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በደሴ ከ7 እስከ 10 ቀን አንድ ጊዜ ማጠጣት እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል። ውኃው በጠዋት በደንብ ፈስሶ እንዲወጣ ማድረግና በሥሩ ባለው ሳህን ላይ እንዳይቆም መጠንቀቅ ይገባል። ጨውና ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ሥሩን ስለሚጎዳ የክረምት ዝናብን ከጣሪያ አጥርቶ ማጠራቀም ብልህነት ነው።

በብርሃን ረገድ ፋሌኖፕሲስ በስስ መጋረጃ የተጣራ ብርሃን ይበቃዋል። ሲምቢዲየም የጠዋት ፀሐይ ይፈልጋል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል። ማዳበሪያን በተመለከተ ለእህል የሚውሉትን ዩሪያና ኤንፒኤስ በማሰሮ ውስጥ መበተን ሥሩን የሚያቃጥል ስለሆነ መወገድ አለበት። በውኃ የሚሟሟ የአበባ ማዳበሪያ ከተመለከተው መጠን ሩብ ያህሉን በየሁለት ሳምንቱ መስጠት በቂ ነው።

ለወሎ ቤት በተለይ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። ሙሉ በሙሉ ካልነደደ ከሰልና ከጭስ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ የኦርኪድን እምቡጥ ያረግፋል። የበሰለ ሙዝና ሌሎች ፍራፍሬዎችም ይህንኑ ጋዝ ይለቃሉ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሥርዓት የቤቱ ክብር ነውና መቅረት የለበትም፤ ይልቁንም የኦርኪዱን ማሰሮ ከከሰል ምድጃውና ከፍራፍሬ ሳህኑ አርቆ አየር በሚገባበት ማዕዘን ማስቀመጥ መፍትሔ ይሆናል። በእንክብካቤ የተያዘ የፋሌኖፕሲስ አበባ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል።

ተባይን በተመለከተ ነጭ ጥጥ መሰል ተባዮችንና ቅርፊታም ነፍሳትን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርጎ ማስወገድ ይቻላል። የኦርኪድ ቫይረሶች መድኃኒት የሌላቸውና በመቁረጫ የሚተላለፉ በመሆናቸው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ መቀሱን በእሳት ማጥራት ግድ ይላል።

ደይሊሊን በግቢ ማልማት

ደይሊሊ የኦርኪድን ያህል ጥንቃቄ አይጠይቅም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ፣ ውኃ የማይተኛበት አፈርና ብስባሽ ካገኘ ይበቃዋል። አፈሩ መረሬ ከሆነ መደቡን ከፍ ማድረግና አሸዋና ብስባሽ መቀላቀል ያስፈልጋል። የቅጠሉ መነሻ ከአፈር በታች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ በተክሎች መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተጠብቆ ይተከላል። ለአካባቢው አመቺ የሚሆነው ጊዜ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ነው።

በምርጫ ወቅት ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። ከደይሊሊ ዓይነቶች ገሚሶቹ በብርቱ የክረምት ብርድ ቅጠላቸውን ጥለው የሚያንቀላፉ፣ ያንን ብርድ ካላገኙ ግን የሚዳከሙ ናቸው። ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው የሚለመልም ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚመረጡት እነዚህ ሁለተኛዎቹ ናቸው። ተክሉ በየ4 እና 5 ዓመቱ ተነቅሎ ሲከፋፈል አበባው ይታደሳል፤ ከአንዱ ሥርም ለጎረቤት የሚተርፍ ይገኛል።

ለደሴ ደይሊሊ ከውበት ያለፈ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ከተማዋ በተዳፋት ላይ የተመሠረተች በመሆኗ የአፈር መሸርሸርና የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግሯ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅለው የደይሊሊ ሥር የላይኛውን አፈር ስለሚይዝ በልዩ ልዩ አገሮች በመንገድ ዳር ቁልቁለቶች ይተከላል። ይሁንና አበባ የድጋፍ ግንብንና የጎርፍ መውረጃ ቦይን አይተካም። ጥልቅ የሆነ የመሬት መንሸራተትንም አያስቆምም። የሚያግዘው በምህንድስና ሥራ የተያዘን ተዳፋት ገጽታ ከሽርሸራ በመከላከል ነው።

በሌላ በኩል ሄሜሮካሊስ ፉልቫ የተባለው ብርቱካናማ ዓይነት በሰሜን አሜሪካ ከግቢ ወጥቶ በራሱ በመስፋፋት ነባር ዕፅዋትን የሚያፍን ሆኗል። ወራሪ አረም ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያውያን መንገር አያስፈልግም። የደቡብ አሜሪካው እምቦጭ በዓለም የተሰራጨው በአበባው ውበት ምክንያት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ሐይቅ ላይ ያስከተለው ጉዳት የታወቀ ነው። ስለዚህ የተነቀለ የደይሊሊ ሥር በቦርከና ወንዝ ዳርቻም ሆነ በሸለቆ ውስጥ ሊጣል አይገባም። ደርቆ መቃጠል ወይም በጥንቃቄ መብላላት አለበት። ደይሊሊ ለድመት ኩላሊት መርዛማ መሆኑንም ድመት ያላቸው ቤተሰቦች ሊያውቁት ይገባል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር

ሁለቱ ተክሎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ኦርኪድ በጥላና በእርጋታ ይኖራል፤ ደይሊሊ በፀሐይና በደጅ። የአንዱ አበባ ለወራት ይቆያል፤ የሌላው በየማለዳው ይታደሳል። በተግባርም በምሥራቅ በኩል ካለ በረንዳ ሥር ኦርኪዱን፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት ባለው መደብ ደይሊሊውን ማልማት ይቻላል። የኦርኪድ ማሰሮ ሲጠጣ የሚወርደው ውኃ ወደ መደቡ እንዲፈስ ቢደረግም ውኃ ይቆጠባል።

ሕግና ኃላፊነት

የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ በዋለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ጥበቃ ይደረግለታል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በአገር ውስጥም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ለመጠቀምና ወደ ውጭ ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ከውጭ የሚገቡ ተክሎችም ያለ ዕፅዋት ጤና ምርመራ መግባት የለባቸውም። የደይሊሊ ዋግ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ከታየ በኋላ በፍጥነት መዛመቱ የምርመራውን አስፈላጊነት ያሳያል።

ከዚህ አንጻር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በከተማ አስተዳደሮች ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎች ከባድ አይደሉም። ለስብሰባ ማስዋቢያ የሚገዛ ኦርኪድ አበባው ሲረግፍ ከመጣል ይልቅ ለተመደበ ተንከባካቢ ቢሰጥ ዳግመኛ ያብባል፤ የሕዝብ ገንዘብም ይድናል። የግዥ ሰነዶች ተክሉ በችግኝ ጣቢያ የተባዛ እንጂ ከደን ያልተነቀለ መሆኑን አቅራቢው እንዲያረጋግጥ ቢጠይቁ ለዱር ነቀላ ገበያ አይኖርም። የከተማ ችግኝ ጣቢያዎችም ደይሊሊን ከማባዛት ጎን ለጎን የራሳችንን አሸንዳና እሬት ቢያባዙ፣ አገር በቀሉ አበባ የሚገባውን ቦታ ያገኛል። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ረገድ የሙያ ድጋፍ ሊሰጥ የሚችል ተቋም ነው።

በአጠቃላይ ኦርኪድንና የአንድ ቀን አበባን ማልማት ከፍተኛ ሀብት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው የአካባቢን ብርድና ሙቀት ማወቅ፣ ውኃን በልክ መስጠትና የተክሉን ምንጭ መጠየቅ ነው። በችግኝ ጣቢያ የተባዛው ወደ ቤት ይግባ፤ በዛፍ ላይ ያለው ደግሞ በዛፉ ላይ ይቆይ። ይህ ሲሆን የደሴና የኮምቦልቻ ቤቶች በአበባ ያምራሉ፤ ደኖቻቸውም ለመጪው ትውልድ የሚያሳዩት አያጡም።